ምዕራፍ 7፦ የአንድ ሴል ጦስ

በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ፣ የፀሐይ ወቅትና የአቧራ ወቅት አንድ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በሚጠራበት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቡናው ይለቀማል፤ እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይጓዛል፤ ጀንፈሉ በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይገላበጣል። ከባንኮ ጎቲቲ ወይም ከወርቃ ቡና ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ የሚያስነሣው ቀይ አቧራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ ያርፋል። ጣሪያው ላይ ሶላር ካለ ሶላሩም ድርሻውን ያገኛል። ሰሌዳው የዓመቱን ምርጥ ብርሃን የሚያገኝበት ወር፣ የዓመቱን ወፍራም አቧራ የሚሸከምበት ወር ነው ማለት ነው።

በምዕራፍ 3 ብርሃን በሲሊከን ላይ ሲያርፍ እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚሆን፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ በየቀኑ ሳይሞላ የሚያድር ባትሪ እንዴት ዕድሜው እንደሚያጥር አይተናል። ይህ ምዕራፍ በሁለቱ መካከል ስለሚገባው ጣልቃ ገብ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ አቧራ ትንሽ ይጎዳል፣ ብዙ አቧራ ብዙ ይጎዳል ብሎ ያስባል። አባባሉ ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። በሶላር ላይ ከአቧራው ብዛት ይልቅ የተኛበት ቦታ የሚወስንበት ጊዜ አለ። መዳፍ የማታክል እድፍ፣ ሰሌዳውን በሙሉ ከለበሰ ስስ አቧራ የበለጠ ልትጎዳ ትችላለች። ይህ ለምን እንደሚሆን ከገባን ሰሌዳውን እንዴት እንደምንሰቅል፣ መቼ እንደምንጠርግና የትኛውን ጥግ አጥብቀን እንደምናይ ከዚያው ይከተላል።

ብርሃኑ የት ይቀራል?

የአቧራ ቅንጣት መስታወት ላይ ስታርፍ ከሚመጣው ብርሃን ከፊሉን ውጣ ወደ ሙቀት ትለውጣለች፤ ከፊሉን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ትበትናለች። በሁለቱም መንገድ ወደ ሲሊከኑ የሚደርሰው ይቀንሳል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጉዳቱ ቀለል ይላል። ጧትና ማታ ብርሃኑ አጋድሎ ሲመጣ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ረዘም ያለ ጥላ ስለምትጥል ያው አቧራ የበለጠ ይከልላል።

የአቧራው ልመትም ለውጥ ያመጣል። እኩል ጎን ያላት አንዲት ጠጠር በርዝመቷ፣ በወርዷና በከፍታዋ አሥር አሥር ቦታ ብትከፈል 1,000 ደቃቅ ጠጠሮች ይወጧታል። ክብደቱ አልጨመረም። ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ቢሰጡ ግን የሚሸፍኑት ቦታ ቀድሞ ከነበረው አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ እፍኝ ልም አፈር ከእፍኝ አሸዋ እጅግ የበለጠ ብርሃን ይከልላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሪያድ የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤል ሾቦክሺና ሁሴን የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ሲሚንቶና የካርቦን ብናኝ በሰሌዳ ላይ እየነዙ ሲለኩ ያገኙት ይህንኑ ነበር። በእኩል ክብደት ልሙ ከሻካራው የባሰ ሆነ፤ ከሁሉም የከፋው የካርቦኑ ብናኝ ነበር።

ይህ ውጤት ለገደብ ሁለት ትርጉም አለው። የጌዴኦ ደጋ ቀይ አፈር ሸክላ የበዛበት ነው፤ የሸክላ ቅንጣት ደግሞ ከሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ በታች ነች። የመንገዱ አቧራ ከልሙ ወገን ነው ማለት ነው። ካርቦኑም የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማገዶ ጥላሸት ካርቦን ነው። ከማድ ቤቱ ጭስ አጠገብ የተሰቀለ ሰሌዳ የመንገዱን አቧራና የምድጃውን ጥላሸት አንድ ላይ ይሸከማል። ቡና በሚፈለፈልበት አካባቢ የገለባው ብናኝ ይጨመርበታል።

ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 በሕንድ ጋንዲናጋር የተሠራ ጥናት ያሳያል። በዱክ ዩኒቨርሲቲው ማይክ በርጊን የተመራው ቡድን በየጥቂት ሳምንቱ የሚጸዱ ሰሌዳዎችን ተከታትሎ፣ ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላ ምርቱ በ50 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ያ ጥግ የያዘ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ግምገማ በዓለም ዙሪያ በአቧራ የሚባክነውን የፀሐይ ኃይል ቢያንስ ከ3 እስከ 4 በመቶ አድርጎታል። በገንዘብ ሲሰላ በዓመት ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን ዩሮ ይሆናል።

ሠላሳ ስድስት ሰዎች በአንድ ሰልፍ

እስካሁን ያልነው አቧራው በእኩል ለተነዛበት ሰሌዳ ነው። አሁን ወደ ምዕራፉ ዋና ሐሳብ እንግባ።

ምዕራፍ 3 ላይ እንዳልነው አንድ የሲሊከን ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት የተሠራ የተለመደ ሰሌዳ ስለዚህ 36 ሴሎች ይደረደሩበታል፤ የአንዱ ጭራ ከሌላው ራስ ጋር እየተያያዘ ሁሉም በአንድ ተከታታይ መስመር ይገባሉ። የ36ቱ ቮልት ተደምሮ 18 ገደማ ይሆናል። በመስመሩ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ግን አይደመርም። በመጀመሪያው ሴል ያለፈው ያው ፍሰት በ36ኛውም ማለፍ አለበት።

ለቤት ምርጊት ደቦ ተጠርቷል እንበል። ጭቃ ከሚቦካበት ጉድጓድ እስከ ግድግዳው 36 ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ ይቀባበላሉ። ሠላሳ አምስቱ በደቂቃ 20 ባልዲ ማሳለፍ ይችላሉ። አንዱ ክንዱን አሞት ከ10 በላይ አይችልም። ግድግዳው ዘንድ በደቂቃ ስንት ባልዲ ይደርሳል? የሁሉም አማካይ ቢሰላ 19.7 ነው፤ መራጊው የሚቀበለው ግን 10 ነው። የሠላሳ አምስቱ ጉልበት ከታመመው ሰው ክንድ አልፎ መሄጃ የለውም።

በሰሌዳው ላይ የሰልፉ ርዝመት ቮልቱ ነው፤ የባልዲው ፍጥነት ፍሰቱ ነው። የታመመው ሰው ደግሞ የወፍ ኩስ ያረፈበት ሴል ነው። ሴሉ በግማሹ ቢሸፈን ሊያሳልፍ የሚችለው ፍሰት በግማሽ ይወርዳል፤ የተቀሩት ሠላሳ አምስቱ ንጹሕ ቢሆኑም ከእሱ ፍጥነት ማለፍ አይችሉም።

ሰልፉ ሌላም ነገር ያሳየናል። ጎበዞቹ ከኋላ ባልዲ እየገፉ ሲመጡ የታመመው ሰው ላይ ይከመርበታል። የተሸፈነው ሴልም እንዲሁ ነው። ሌሎቹ ሴሎች በእሱ በኩል ፍሰት ለማሳለፍ ሲገፉ ኃይል ከማመንጨት ይልቅ ኃይል የሚውጥ ይሆናል፤ የዋጠውም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ የጋለ ነጥብ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሴሉን ሊያበላሽ፣ ከጀርባው ያለውን ሽፋን ሊያቃጥል ይችላል። እድፉ በኋላ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል።

ይህን ለመከላከል ሠሪዎች በሰሌዳው ጀርባ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ዳዮድ ያስገባሉ። ዳዮድ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ባለ 36 ሴል ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዳዮድ አለው፤ እያንዳንዱ 18 ሴሎችን ይጠብቃል። አንዱ ሴል ፍሰቱን ሲያንቅ በሩ ይከፈትና ፍሰቱ ያን ግማሽ ዘልሎ ይሄዳል። ሴሉ ከመጋል ይተርፋል። ባትሪው ግን ላይተርፍ ይችላል። ግማሹ ሰልፍ ሲዘለል የቀሩት 18 ሰዎች ተሰልፈው ግድግዳው ዘንድ አይደርሱም፤ 18 ሴሎች የሚሰጡት 9 ቮልት ገደማ ነው፤ 9 ቮልት ደግሞ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሊሞላ አይችልም። የባትሪውን አሞላል በሚቆጣጠር ቀላል ኮንትሮለር በሚሠራ የቤት ሶላር ስለዚህ ለባትሪው የሚደርሰው በታመመው ሴል በኩል የሚያልፈው ደካማ ፍሰት ብቻ ነው።

እኩል አቧራ እና አንድ እድፍ፣ በቁጥር

ባለ 50 ዋት ሰሌዳ እንውሰድ። በሙሉ ፀሐይ 2.8 አምፔር ያህል ይሰጣል። በኢትዮጵያ በአንድ ቀን የሚገኘው ብርሃን በአማካይ 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ስለሆነ፣ ንጹሕ ሰሌዳ በቀን 14 አምፔር ሰዓት ለባትሪው ያቀብላል።

ሰሌዳውን በሙሉ የሸፈነ ስስ አቧራ ከብርሃኑ 10 በመቶ ቢከለክል ሁሉም ሴሎች እኩል ይደክማሉ። ፍሰቱ ወደ 2.5 አምፔር ይወርዳል፤ የቀኑ ገቢ 12.6 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ያበሳጫል እንጂ ቤቱን አያጨልምም።

አሁን ሰሌዳው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ የአንዱ ሴል ግማሽ ብቻ በወፍ ኩስ ተሸፍኗል እንበል። ከጠቅላላው ስፋት የተያዘው ከ72 አንድ፣ ማለትም 1.4 በመቶ ነው። ፍሰቱ ግን ወደ 1.4 አምፔር፣ የቀኑ ገቢ ወደ 7 አምፔር ሰዓት ሊወርድ ይችላል። የጠፋው ሌላ ግማሽ ባለ 5 ዋት አምፖልን 16 ሰዓት ያህል ማብራት የሚችል ኃይል ነው።

የአቧራ ጉዳይ ለብዙ ጊዜ ቸል የተባለበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ሆተልና ቨርትስ ቦስተን አካባቢ ባደረጉት ጥናት ቆሻሻ የሚያስከትለው ጉድለት በአማካይ 1 በመቶ ያህል፣ ከበዛም 4.7 በመቶ ብቻ መሆኑን ዘገቡ። እነሱ ያጠኑት ግን ሙቀት የሚሰበስብ ሰሌዳ ነው፤ ቦታውም ዝናብ የማይለየው ነው። ሙቀት ሰብሳቢ ሰሌዳ ከየቦታው ያገኘውን ይደምራል፤ አንድ ጥግ ቢቆሽሽ የሚጎድለው የዚያ ጥግ ድርሻ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ሰሌዳ ግን በተከታታይ ስለተያያዘ በደካማው ልክ ይሄዳል።

ቴስተሩ ለምን “ደህና ነው” ይላል?

ባትሪው አልሞላ ሲል ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ቴስተሩን አውጥቶ ከሰሌዳው በሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ ቮልት ይለካል። 20 ወይም 21 ቮልት ያነባል። “ሰሌዳው ደህና ነው፤ ችግሩ ባትሪው ነው” ይባልና አዲስ ባትሪ ይገዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም ይደክማል።

ቴስተሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው። የሴል ቮልት ለብርሃን መቀነስ እምብዛም አይበገርም። ብርሃኑ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የ36ቱ ሴሎች ጠቅላላ ቮልት የሚወርደው ከ1 ቮልት ባነሰ ነው። በግማሽ የሚወርደው ፍሰቱ ነው። ሰልፈኞቹን ቆመው ስንቆጥራቸው 36ቱም አሉ፤ ማን እንደደከመ የሚታወቀው ባልዲው ሲንቀሳቀስ ነው።

ስለዚህ መለካት ያለበት አምፔር ነው። ለትንሽ ሰሌዳ ሥራው ቀላል ነው፤ ሰሌዳውን ከኮንትሮለሩ ነቅሎ፣ ቴስተሩን በ10 አምፔር ቦታ ላይ አድርጎ፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ማንበብ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠርጎ ወዲያው እንደገና ማንበብ። የሁለቱ ልዩነት በሰሌዳው ላይ በእኩል የተነዛው አቧራ የወሰደው ነው። ኮንትሮለሩ አምፔር የሚያሳይ ከሆነ ቴስተርም አያስፈልግም። ከ10 አምፔር በላይ ለሚሰጡ ትልልቅ ሰሌዳዎች ግን ይህ ዘዴ አይሞከርም።

የፀሐይ ምቾት፣ የአቧራ ምቾት

ገደብ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ምዕራፍ 6 ላይ ባየነው ስሌት መሠረት እዚህ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ብርሃን የሚያገኘው ለጥ ብሎ የተጋደመ ለማለት የሚቀርበው ሰሌዳ ነው። የተጋደመ መስታወት ደግሞ ለአቧራ ምቹ መኝታ ነው። ዝናብ ሲዘንብም ውሃው አይወርድም፤ ቆሞ ይደርቅና ጭቃውን ትቶ ይሄዳል።

መፍትሔው ከፀሐይ ጥቂት ሰጥቶ ከአቧራ ብዙ ማስመለስ ነው። ሰሌዳው ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ቢዘነበል በዓመት የሚቀርበት ብርሃን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በምትኩ ዝናቡ አቧራውን ይዞ የሚወርድበት ተዳፋት ያገኛል። ደቡብ የሚመረጥበትም ምክንያት አለ። በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 29 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ደቡብ ያየ ሰሌዳ በዚያ ደረቅ ወቅት ፊት ለፊት ይቀበላታል።

ተዳፋቱ ግን አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። የሰሌዳው አሉሚኒየም ፍሬም ከመስታወቱ በትንሹ ከፍ ያለ ነው። ከላይ ታጥቦ የወረደው ጭቃ በታችኛው ፍሬም ከንፈር ተገድቦ ይቀራል። ከጥቂት ካፊያ በኋላ በታችኛው ጠርዝ ጣት የምታክል ቡናማ መስመር ይሠራል፤ ከሥሩ ያሉት የመጨረሻው ረድፍ ሴሎች ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ሰሌዳው ዘጠኝ እጁ የጠራ ነው። የሚሠራው ግን በዚያች ረድፍ አቅም ነው። መሐሉን ብቻ በጨርቅ አበስ አድርጎ የሚወርድ ሰውም የሚያመጣው ውጤት ይኸው ነው፤ የጠራውን አጥርቶ ወሳኙን ጥግ ትቶታል።

ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም የሚሰቀሉት ትልልቅ ሰሌዳዎች ብዙውን ጊዜ 60 ሴሎችና ሦስት ዳዮዶች አሏቸው፤ ሦስት አጫጭር ሰልፎች ማለት ነው። ሰልፎቹ በሰሌዳው ቁመት ስለሚሄዱ፣ ሰሌዳው ቆሞ ከተሰቀለ የታችኛው ጭቃ ሦስቱንም ይነካል። በጎኑ ከተሰቀለ ግን አንዱን ብቻ ይነካል፤ ተስማሚ ኮንትሮለር ካለው የቀሩት ሁለቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ ለሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌላው የገደብ ጉዳይ ዛፉ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናንና እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ነባር ዛፎችን በአንድ ማሳ ያኖራል። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ሶላር አይወድም። የቅርንጫፍ ጥላ ፀሐይ ስትዞር ያልፋል፤ ቅርንጫፉ ላይ የምታድረው ወፍ የጣለችው ግን እስኪጠረግ ድረስ ይቆያል። ለሶላሩ ተብሎ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ሰሌዳውን ከቅርንጫፍ ሥር አርቆ መስቀል ይበቃል፤ ገመዱ በጥቂት ሜትር ቢረዝም ነው።

ጤዛ፣ ካፊያ፣ ዶፍ

ደረቅ አቧራ ነፋስም ያነሣዋል። ጤዛ ሲነካው ግን ጠባዩ ይለወጣል። በደጋ ሌሊት መስታወቱ ቀዝቅዞ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛው በአቧራው ውስጥ ያለውን ጨው ያሟሟል፤ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ይተንና ጨውና ሸክላው ተጣብቀው ይቀራሉ። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ነፋስ የማያነሣው፣ ካፊያም የማያለቅቀው ቅርፊት ይሠራል። ካፊያማ እንዲያውም ያባብሳል፤ በአየር ላይ ያለውን አቧራ ይዞ ይወርድና ነጠብጣብ ያትማል። በደንብ የሚያጥበው ዶፍ ዝናብ ነው። በጌዴኦ የበልጉ ዝናብ ሲጠና ሰሌዳው ራሱን ያጥባል፤ የሰው እጅ የሚፈልገው ከዚያ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ነው።

አጠራረጉ

ጤዛው ጠላት ብቻ አይደለም። ማለዳ መስታወቱ ገና እርጥብ ሳለ በለስላሳ ጨርቅ ቢታበስ ከምንጭ ተቀድቶ የመጣ ውሃ ሳይባክን ብዙው አቧራ ይነሣል። ለቀረው አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የዝናብ ውሃ ካለ ይመረጣል፤ ሲደርቅ የሚተወው ጨው የለውም። ቀትር ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

አመድ፣ አሸዋና የድስት ሽቦ አይነኩትም። በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት ከመስታወት ስለሚጠነክር በደረቁ ፈግፍጎ መጥረግም ይቧጭራል፤ የተቧጨረ መስታወት ደግሞ አቧራ አጥብቆ ይይዛል። የልብስ ሳሙና ዱቄት በደንብ ካልታጠበ የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋል። በሰሌዳው ላይ መቆም ወይም መንበርከክ ዐይን የማያየው ስንጥቅ በሴሎቹ ላይ ይፈጥራል። ቅደም ተከተሉም ከዋናው ሐሳብ የሚመነጭ ነው፦ መጀመሪያ ነጠላ እድፎች፣ ቀጥሎ የታችኛው ጠርዝና ማዕዘኖቹ፣ በመጨረሻ መሐሉ።

በየስንት ጊዜው? አቧራው በቀን 0.3 በመቶ ይወስዳል ብለን ብናስብ ከ10 ቀን በኋላ 3 በመቶ፣ ከወር በኋላ 9 በመቶ ይሆናል። ለመንገድ ቅርብ በሆነ ቤት በበጋ በየሳምንቱ፣ ከመንገድ ራቅ ባለው በየሁለት ሦስት ሳምንቱ መጥረግ ተገቢ ነው። የወፍ ኩስ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በታየበት ቀን ይነሣል።

የመጥረጉ ሥራ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ለገጠር መብራት የተተከለው የመጀመሪያው የፀሐይ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1985 በሚቶ መንደር ሥራ ጀመረ። በ10.5 ኪሎ ዋት ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ 300 ያህል ቤተሰቦችን አገልግሏል። ሰሌዳዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ስለነበሩ አንድ ጠባቂ ጨርቅ ይዞ ቢዞር የመንደሩን ሁሉ ድርሻ ይጠርግ ነበር። ዛሬ አካሄዱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕዝቡ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ባለ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ከመስመር ውጪ ማለት በብዛት በየጣሪያው የተበታተነ ትንሽ ሰሌዳ ማለት ነው። ሰሌዳው ሲበታተን የጠባቂው ሥራም አብሮ ተበታትኖ ለየባለቤቱ ደርሷል።

ሰሌዳ ሊሰቅል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “እዚህ ፀሐይ ያገኛል ወይ?” ብሎ ነው። ባለቤቱ ደግሞ “እዚያ ላይ እጄ ይደርሳል ወይ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። መሰላል በሌለበት ቤት አናት ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ከሌባ ይጠበቅ ይሆናል፤ ከወፏ ግን አይጠበቅም። ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ደቡብ አዘንብሎ፣ ከጭሱና ከቅርንጫፉ ርቆ እጅ በሚደርስበት የተሰቀለ ባለ 50 ዋት፣ አናት ላይ ወጥቶ ከተረሳ ባለ 80 ዋት የበለጠ ባትሪ ሊሞላ ይችላል።